ስድስተኛው ሻሞላ

አምቦ፣ ሚያዝያ 3 ቀን 1969 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ ለድንቅቱ ገቢሳ፣ ምሥራቅ ጀርመን።

ልጄ ድንቄ፣ የአምላክ ጥላ ከላይሽ አይነሳ፤ ብርዱ አይግባሽ፤ የምትበይው ባዕድ ምግብ ይስማማሽ። እኔ አዳዳሽ ዘነበወርቅ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ያመኛል፤ እሱም አንቺ ሳትሄጂ ያመኝ ስለነበር እንደ አዲስ ወሬ አይቆጠርም። ጽሕፈቴን ታውቂዋለሽ፣ ዶሮ የጫረችው ነው የሚመስለው። በሰው እንዳላስጽፍ ነገሩ ለሰው ጆሮ አይሆንም። ፖስታ ቤት ከፍተው ቢያነቡት ያንብቡት፤ ስድብ የለበትም።

ጋሼ ቀነዓን ወስደውታል። ይኸው ነገርኩሽ፤ ዙሪያ ጥምጥም መሄድ አልችልበትም።

መጋቢት ሃያ ጠዋት አሰሳ ነው ብለው ቤት ለቤት ሲዞሩ እኛም ጋ ገቡ። አምስት የቀበሌው አብዮት ጥበቃዎች ነበሩ። ሁለቱን ጋሼ ቀነዓ ራሱ ሩጫና ዝላይ ያስተማራቸው ናቸው፤ አንገታቸውን ደፍተው ነው የገቡት። አለቃቸው አመዩ ግን አንገት መድፋት አያውቅም። ቁም ሳጥኑ ላይ ያለውን ረጅም ሣጥን አወረዱት። ሣጥኑን ታስታውሺዋለሽ፤ ሚስተር ላስሎ፣ ያ ሀንጋሪው የስፖርት አስተማሪ፣ አገሩ ሲገባ ለጋሼ ቀነዓ የተወለት ነው። ውስጡ ያሉት ስድስት ሻሞላዎች የአያቱ የሻሞላ ትምህርት ቤት ዕቃ ናቸው ይል ነበር፤ ተማሪ ሳይቆስል የሚማርባቸው።

አመዩ መዝገቡ ላይ «ስድስት ጎራዴ» ብሎ ጻፈ። ጋሼ ቀነዓም የእስክሪብቶውን ጫፍ እያየ፣ «ጎራዴ ቆልማማ ነው፤ ይኼ ቀጥ ያለ ስለሆነ ሻሞላ ይባላል» ብሎ አረመው። እስቲ አሁን ይሄ የሚታረምበት ሰዓት ነው? አስተማሪ አያግባሽ! አመዩም አውራ ጣቱን በመሐረብ እንደጠቀለለ «ጎራዴ»ን ሰርዞ «ሻሞላ» ጻፈና ባሌን ይዞት ሄደ።

አሁን ቀበሌው ግቢ ውስጥ፣ የድሮው እህል መጋዘን ነው ያለው። ምሳውን በየቀኑ አደርሳለሁ። እንዳየው አይፈቅዱልኝም፤ ባዶ ሳህኑ ሲመለስልኝ ግን መብላቱን አውቃለሁ።

እንግዲህ የምለምንሽ አንድ ነገር ነው። እንዲህ ያለው ሻሞላ ስለት የሌለው፣ ለመማሪያ ብቻ የተሠራ መሆኑን የሚመሰክር ወረቀት ከሚያውቅ ሰው አስጽፈሽ ላኪልኝ። ማኅተም ይኑረው። እዚህ ከሰው አፍ ይልቅ ማኅተም ነው የሚታመነው፤ የሶሻሊስት አገር ማኅተም ከሆነማ ቆመው ነው የሚያነቡት። ስድስቱም ደነዞች ናቸው፤ ቅቤ አይቆርጡም። ሹራብ ልላክ ያልሽውን ተዪው፤ ሌላ ምንም አልፈልግም።

ጠዋት ጠዋት «ዘነቡ፣ ካልሲዬ የት ገባ?» እያለ ያደነቁረኝ ነበር። አሁን ራሴው አውጥቼ አልጋው ላይ አስቀምጠዋለሁ፤ ሲመሽ መልሼ አስገባዋለሁ። ሰው ቢያየኝ አበደች ይላል።

አዳዳሽ ዘነበወርቅ


ሰኔ 12 ቀን 1969 ዓ.ም.፣ ምሥራቅ ጀርመን

ይድረስ ለማከብርሽና ለምሳሳልሽ አዳዳዬ፤

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? ለጉልበትሽ እንደምን አለሽ? ያሳደገኝ እጅሽ አይድከም።

ደብዳቤሽ አርባ ቀን ፈጅቶ ደረሰኝ። ካነበብኩት በኋላ ወደ ሥራ ገብቼ የአንዲት አሮጊት እግር ሳጥብ እንባዬ ሳፋው ውስጥ ጠብ አለ። አሮጊቷ ለእሷ ያለቀስኩ መስሏት ጸጉሬን ዳበሰችኝ። እዚህ ከመጣሁ አንድ ዓመት ከስምንት ወሬ ነው፤ ሰው ጸጉሬን ሲነካኝ የመጀመሪያው ነበር።

አዳዳዬ፣ ዝም ብዬ አልተቀመጥኩም። የነርስ ትምህርት ቤታችን አስተማሪ አጎራባች ከተማ ውስጥ የጥንት መሣሪያ የሚቀመጥበት ሙዚየም እንዳለ ነግራኝ፣ እሑድ በባቡር ሄድኩ። ዕቃ ቤቱን የሚጠብቁት ሄር ክራውዘ የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው። በተሰባበረ ጀርመንኛዬ የጋሼ ቀነዓን ነገር ስነግራቸው ቁልፋቸውን አንስተው ወደ ውስጥ ወሰዱኝ።

አዳዳዬ፣ በመደርደሪያ ሙሉ ነው ያለው! የአራት መቶ ዓመት፣ የሦስት መቶ ዓመት። ከእጀታው በላይ ይሰፋል፤ ከዚያ ድንገት ይቀጥንና እስከ ጫፉ ቀጥ ይላል። ሰፊው ቦታ ክብደቱን ወደ እጅ ስለሚስበው ጫፉ ቀላል ነው አሉኝ። ጫፉ እንደ ጣት ክብ ነው። ዳሩ ሳንቲም ያህል ይወፍራል፤ ሲመቱበት ሰንበር ያወጣል እንጂ አይቆርጥም። ዳሩ ሁሉ ጥርስ ጥርስ ነው፤ ብረት ከብረት የተገናኘበት። ሄር ክራውዘ አንዱን አንስተው፣ «ይሄ ስንቱን አስተምሯል፤ አንድም ሰው አልገደለም» አሉኝና እጄ ላይ አስቀመጡልኝ።

እጄ አወቀው። ከጓሮ ጥዱ ሥር ጋሼ ቀነዓ «የሚዋጋው እጅሽ አይደለም፣ እግርሽ ነው» እያለ ሲያስተምረኝ፣ አንቺ ከማድ ቤት «ልጅቷን ወንድ አደረግካት!» ብለሽ ስትጮሂ ሰማሁሽ። በዚህ አገር ከነካሁት ነገር ሁሉ የማውቀው ያንን ብረት ብቻ ነው። መልሼ መስጠት አቃተኝ፤ ሽማግሌውም አልተቻኮሉብኝም።

ወረቀቱን ጻፉልኝ። ሙዚየሙ አትሞበታል፤ ኤምባሲያችንም ወደ አማርኛ ተርጉሞ አትሞበታል። ሁለት ማኅተም! ማንም እንዳይጠራጠር ብዬ የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር እኔ ነኝ ለምኜ ያስገባኋት፦ «የመማሪያ ሻሞላ ምንጊዜም ስለት የለውም፤ ስለት የወጣለት ቢገኝ ግን ለትምህርት ሳይሆን ሰውን ለመጉዳት የተዘጋጀ ነው።» ከእንግዲህ ማን ምን ይላል? ስድስቱን በጣታቸው ዳብሰው ራሳቸው ያረጋግጡ።

ዛሬውኑ ውሰጂላቸው። ጋሼ ቀነዓ ሲፈታ ከሁሉ በፊት ለእኔ ይጻፍልኝ።

ልጅሽ ድንቅቱ


አምቦ፣ ጥቅምት 9 ቀን 1970 ዓ.ም.

ለልጄ ለድንቅቱ፤

ሰላምሽ ይብዛ። ዘመኑን ተሻግረን መስቀልንም ዋልን። ጭቃው ደርቋል። ከጎጆ ከተማ የዘመዶቻችን ገብስ ገባልኝ።

ወረቀቱ በጳጉሜ ደርሷል። ሁለቱን ማኅተም ሳይ እልል ልል ነበር፤ እስከ መጨረሻው መስመር ድረስ ደስ እያለኝ ነው ያነበብኩት። ያንን ሽማግሌ ዕድሜ ይስጥልኝ በይልኝ። ነገር ግን ልጄ፣ ወረቀቱ ትንሽ ረዘመ። የመጨረሻዋን መስመር ትተው እንደገና ሊጽፉልን አይችሉም ወይ? አጠር ያለ ይሻላል። እዚህ ረጅም ነገር የሚያነብ የለም።

ደግሞ እግረ መንገድሽን ጠይቂልኝ። በዚያ አገር አንድ ሰው፣ ለቤት ሥራ ብሎ፣ ሌላ ምንም ሳያስብ፣ ከእነዚህ ሻሞላዎች አንዱን ቢያስል መማሪያነቱ ይቀራል ወይ? እንዲያው ለማወቅ ያህል ነው።

ወረቀቱ ገና አልተሰጠም። ዳዊቴ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። ጋሼ ቀነዓ እዚያው መጋዘን ነው። ሳህኑ ባዶውን ይመለሳል።

ጠጅ መጣል ትቻለሁ። ለማን ብዬ?

ዘነበወርቅ


ታኅሣሥ 20 ቀን 1970 ዓ.ም.

ይድረስ ለአዳዳዬ፤

እንደምን ከርመሻል? አምላክ ካንቺ ጋር ይሁን፤ እኔስ ተናድጃለሁ።

«እንዲያው ለማወቅ ያህል»? አዳዳዬ፣ አንቺ እኮ እንዲያው ለማወቅ ጠይቀሽ አታውቂም። የጎረቤት ልጅ ለምን እንዳነከሰ የጠየቅሽው እንኳን የእኛ ድንጋይ ከሆነ ብለሽ ነው። ምንድን ነው የደበቅሽኝ?

ሄር ክራውዘን ሄጄ ጠየቅኋቸው። መነጽራቸውን አውልቀው፣ «ምነው፣ እውነቱ ተለወጠ?» አሉኝ። ሁለተኛ ለመሄድ አፍሬያለሁ፤ የማወራው ሰው ደግሞ በዚህ አገር እሳቸው ብቻ ነበሩ።

ሰው መጋዘን ውስጥ ተቀምጦ ነጻ የሚያወጣው ወረቀት ዳዊት ውስጥ ይቀመጣል? አመዩን ፈርተሽ ነው? ከፈራሽ ንገሪኝ። ጋሼ ቀነዓ ሻሞላ ይስላል ብዬ ባልምም አላምንም፤ የእሱ ሻሞላ ከተሳለ ፀሐይም በምዕራብ ወጥታለች። እባክሽ፣ እባክሽ ወረቀቱን ስጫቸው።

ድንቅቱ


ግንቦት 4 ቀን 1970 ዓ.ም.

አዳዳዬ፤ ጤና ይስጥልኝ።

አምስት ወር ሙሉ ከአንቺ ምንም የለም። ፖስታ ሳጥኑን በቀን ሁለት ጊዜ ነው የማየው፤ የሕንጻው ጠባቂ ገና ከሩቅ ሲያየኝ ጭንቅላቱን ይነቀንቅልኛል።

ስለዚህ እኔው አድርጌዋለሁ። የወረቀቱ ሁለተኛ ቅጂ ነበረኝ፤ ሁለቱም ማኅተም ያለበት። «ለቀበሌው አብዮት ጥበቃ» ብዬ በአደራ ደብዳቤ ልኬዋለሁ። ካንቺ ትእዛዝ ስወጣ የመጀመሪያዬ ነው፤ ጋሼ ቀነዓ ቤት ሲገባ ትቆጪኛለሽ።

ድንቅቱ


አምቦ፣ ነሐሴ 22 ቀን 1970 ዓ.ም.

ድንቅቱ ልጄ፤

ይህን ደብዳቤ ለፖስታ አልሰጠሁትም። የባለሱቁ የከድሮ ልጅ ቀድሪያ ለትምህርት ወደ እናንተ ስለምትመጣ በእጇ ይዛልሽ ትመጣለች። ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው። አይ፣ ብቻሽን አይሁን፤ ቀድሪያን አጠገብሽ አስቀምጪያት።

ሻሞላውን ያሳልኩት እኔ ነኝ።

በስልሳ ስምንት፣ አንቺ ከሄድሽ በኋላ፣ ጋሼ ቀነዓ ተማሪዎቹን ይዞ ለውድድር ጊንጪ ወርዶ ነበር። የጌሾ እንጨት የምከትፍበት ቢላዋ ተሰብሮብኛል። ለሰርግ የታዘዘ ጠጅ አለብኝ። ሣጥኑን ከፈትኩት። ስድስት ጥሩ ብረት ተኝቷል፤ ምንም ሥራ የለው! «አንዱ ቢጎድል ማን ያውቅበታል» ብዬ አንዱን በነጠላ ጠቅልዬ ጎጆ ገበያ ወሰድኩት። ብረት ቀጥቃጩ ረጋሳ እያገላበጠ አይቶ፣ «ይሄን የመሰለ ብረት ደነዝ አድርጎ የሚሠራ ምን ዓይነት ሰው ነው?» አለ። ከዚያ ሁለቱንም ዳር ሳለልኝ። እንዴት ይቆርጥ ነበር መሰለሽ! ጌሾውን በአንድ ጊዜ ጣጥ ነው።

ጋሼ ቀነዓ ተመልሶ ማድ ቤት ሲገባ አየው፤ የመክተፊያው ግንድ ላይ ተሰክቶ። ሁለት ቀን አላናገረኝም። በሦስተኛው ቀን አጥቦ፣ ቅባት ቀብቶ ከአምስቱ ጋር መልሶ ከተተው። «ስድስት ሆነው መጡ፣ ስድስት ሆነው ይቀመጣሉ» አለኝ። ለእኔ ደግሞ አዲስ ቢላዋ ገዝቶ አመጣልኝ። በቃ፤ ከዚያ ወዲያ አንድ ቀን እንኳን አላነሳብኝም።

አሰሳ የገቡ ቀን አመዩ ሻሞላዎቹን አንድ በአንድ በአውራ ጣቱ ዳበሳቸው። አምስቱ ምንም አላሉትም። ስድስተኛው ጣቱን ተረተረው፤ ደሙ ምንጣፉ ላይ ተንጠባጠበ። «ይሄንንስ ማን ሳለው?» ብሎ ጮኸ። እኔ በሩ ጋ ቆሜያለሁ። አፌን ከመክፈቴ በፊት ጋሼ ቀነዓ «እኔ ነኝ» አለ። ወደ እኔ ዞሮ እንኳን አላየም፤ እንዳይጠረጥሩኝ ይሆናል።

እኔም ዝም አልኩ። ድንቄ፣ ዝም አልኩ! አንድ ቃል ነበር የሚያስፈልገው። ነገ እናገራለሁ፣ ከነገ ወዲያ እናገራለሁ እያልኩ ምሳ ሳመላልስ ከረምኩ። ለአንቺ ደግሞ ስድስቱም ደነዝ ናቸው ብዬ ዋሸሁሽ። ወረቀቱ ሲመጣ ያቺን የመጨረሻ መስመር አንብቤ ዳዊቴ ውስጥ ደበቅሁት።

የላክሽው ቅጂ በሰኔ ደረሰ። ስብሰባ ጠርተው አመዩ አነበበው። ያልኩሽ አልቀረም፣ ቆሞ ነው ያነበበው። የመጨረሻዋን ሁለቴ ነው የደገማት፤ ከዚያ ያንን ጠባሳ ጣቱን ለሰው ሁሉ አሳየ። በማግስቱ ምሳ ይዤ ስሄድ ሳህኑ እንደሞላ ተመለሰልኝ። ሌሊቱን ጭነው ከአምቦ አውጥተውታል፤ ወዴት እንደሆነ የሚነግረኝ የለም።

ያን ጊዜ ነው አፌ የተከፈተው፤ ምን ዋጋ አለው? የመክተፊያውን ግንድ በጀርባዬ አዝዬ ቀበሌ ሄድኩ። ጠረጴዛቸው ላይ አሳርፌ፣ «እነሆ፣ የሻሞላው ምልክት ይኸው፤ ያሳልኩት እኔ ነኝ፤ እኔን እሰሩኝና እሱን መልሱልኝ» አልኩ። ሳቁብኝ። «ሂጂ እማማ፣ የባልሽን ጥፋት ለመሸፈን ነው» አሉኝ። ረጋሳን ጠይቁት አልኩ፤ ረጋሳ ወደ ኦጋዴን ዘምቶ ወሬው የለም። አመዩ ምን አለኝ መሰለሽ? «ማኅተም አለሽ?» አለኝ።

ግንዱን ተሸክሜ ተመለስኩ። መንገድ ላይ የሚያግዘኝ አላጣሁም፤ እኔ ነኝ እምቢ ያልኩት።

አንቺ ምንም አላጠፋሽም፤ እውነት ነው የጻፍሽው። ውሸቱ የእኔ ነበር። ይህን ብዬሽም እንደማትሰሚኝ አውቃለሁ፤ ያሳደግሁሽ እኔ ነኝ።

ዘነበወርቅ


ጥር 1971 ዓ.ም.

አዳዳዬ፤

ቀድሪያ አጠገቤ ነበረች። አራት ጊዜ መልስ ጀምሬ አራቱንም ቀደድኩት። ያቺን ዓረፍተ ነገር ለምኜ ያስገባኋት እኔ ነኝ፤ ሽማግሌው አያስፈልግም ብለውኝ ነበር። ሌላ የምጽፈው የለኝም። ደህና ሁኚልኝ።

ድንቅቱ


አምቦ፣ ኅዳር 6 ቀን 1975 ዓ.ም.

ይድረስ ለድንቅቱ፣ ይህ አድራሻ አሁንም የአንቺ ከሆነ።

ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፤ አምላክ ባለሽበት ይጠብቅሽ። አራት ዓመት ሆነው። በየመስቀሉ አንዳንድ ደብዳቤ ጽፌልሽ ነበር፤ ደረሰሽ አልደረሰሽ አላውቅም። ቀድሪያ ለአባቷ ስትጽፍ «ድንቅቱ ነርስ ሆናለች፣ ትሠራለች» ብላ ከድሮ አነበበልኝ። እሱን ይዤ ከረምኩ። አገርሽ ያልገባሽው ፊቴን ላለማየት እንደሆነ አውቃለሁ። የራስሽን ፊት በእኔ ዓይን ላለማየት ጭምር ነው። እኔም መስታወቱን ካወረድኩት ቆይቷል።

ዛሬ የጻፍኩልሽ ሰው መጥቶ ነው። ሌታ ይባላል፤ የካቺሲ አስተማሪ ነው። ከእስር ተፈቶ አገሩ ሲገባ አምቦ ላይ ወርዶ ቤታችንን እያጠያየቀ መጣ። ከጋሼ ቀነዓ ጋር ሁለት ዓመት አንድ ክፍል ነበሩ። ጸጉሩ ነጭ ሆኗል አለኝ። ከፊት ጥርሱ ሁለቱ ወልቀዋል፤ ሰውን ማረም ግን አልተወም አለኝ። ሳቅሁ፤ እኔም ገረመኝ። ዓምና ለያይተዋቸዋል። «በሕይወት አለ ወይ?» አልኩት። «ስንለያይ ነበረ» አለኝ። ከዚህ በላይ የሚያውቀው የለም።

የስንብቱ ቀን ጋሼ ቀነዓ አንድ መልእክት ብቻ ነው የሰጠው። ሌታ ሊነግረኝ አፈረ፤ መልእክት አልመስል ብሎት። «አምቦ ከደረስክ ዘነቡን ጠይቅልኝ» አለው አሉ፤ «የጌሾ እንጨቱን አሁን በምንድን ነው የምትከትፈው?»

እንግዲህ አየሽ? አስቦበታል። እዚያ ሆኖ የቢላዋዬን ነገር አስቦበታል። ሌታ ፊት እሪ ብዬ አለቀስኩ፤ ምስኪን ሰው፣ ቆቡን ይዞ የሚገባበት ጠፋው።

ለጋሼ ቀነዓ መልስ የሚያደርስልኝ ሰው የለም። ሌታ አይመለስበት፣ እኔ አድራሻ የለኝ። ስለዚህ መልሱን ለአንቺ ነው የምጽፈው። ወረቀት አልለምንሽም፣ ማኅተምም አልፈልግም። ነይ ነይ ያለሽ ቀን ነይ፤ ደጁ ክፍት ነው፣ የምትቆጪኝም አይመስለኝም። እኔ ካልቆየሁና አንቺ ቀድመሽ ካገኘሽው ግን ይህን ብቻ ንገሪልኝ። ጠጅ እንደገና መጣል ጀምራለች፤ ቢላዋ ግን፣ አንተ የገዛህላትን እንኳን፣ ከእቤቷ አውጥታለች፤ ጌሾውን በእጇ ነው የምትሰብረው በይልኝ።

አዳዳሽ ዘነበወርቅ